26 ከ50፦ ኤደም ኮጆና የድምፅ ቆጠራው

የካቲት 15 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1982፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለ38ኛ መደበኛ ስብሰባው አዲስ አበባ ላይ ተሰየመ። በዚያ ስብሰባ፣ ከዚያ በፊት በአባልነት ተቀምጦ የማያውቅ ልዑክ ወንበር ተሰጠው፤ ሞሮኮ የእኔ ነው በምትለው በምዕራብ ሰሃራ የታወጀው የሰሃራዊ ዓረብ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ልዑክ። የድርጅቱ አባላት ከ50 ወደ 51 ከፍ አሉ። ሞሮኮ ስብሰባውን ረግጣ ወጣች፤ ተከትለዋት የወጡት ሲደመሩ 19 ያህል አገሮች ሆኑ። ነገሩን የወሰነው የመሪዎች ጉባኤ አይደለም። ዋና ጸሐፊው፣ ቶጓዊው ኤደም ኮጆ፣ ከአባል አገሮች የደረሳቸውን ድጋፍ ቆጠሩ፣ በቂ ሆኖ አገኙት፣ ውጤቱንም አሳወቁ።

ኮጆ ከዚያ በፊት የገንዘብ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ የቶጎ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል፤ በ78 ዓመታቸውም ኪንሻሳ ላይ የአፍሪካ ኅብረት አመቻች ሆነው ተቀምጠዋል። የሥራ ዘመናቸውን ከዳር እስከ ዳር ስመለከተው፣ በተለያየ መልክ ደጋግሞ የሚመጣባቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ ስንት ድምፅ ሲኖር ነው ነገሩ ያለቀለት? ግማሽ ሲደመር አንድ ለሰነድ ይበቃል። አብረው መቀመጥ ላለባቸው ሰዎች ይበቃል ወይ የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ሕጉን እንየው። የድርጅቱ ቻርተር አንቀጽ 28 እጅግ አጭር ነው። ነፃና ሉዓላዊ የሆነ የአፍሪካ አገር አባል መሆን ሲፈልግ ለዋና ጸሐፊው ያሳውቃል። ዋና ጸሐፊው የማመልከቻውን ቅጂ ለአባል አገሮች በሙሉ ይልካል። እያንዳንዱ አገር ውሳኔውን ለዋና ጸሐፊው ይመልሳል። ድጋፉ ከአባላቱ ግማሽ ሲያልፍ ዋና ጸሐፊው ውሳኔውን ለአመልካቹ ያስተላልፋል። በቃ። አንቀጹ ስብሰባ ጥሩ አይልም፣ ክርክር አድርጉ አይልም፣ ሊቀ መንበሩ ያጽድቀው አይልም። በ50 አባላት ዘመን ከግማሽ በላይ ማለት 26 ነው። በጁላይ 1980 ፍሪታውን ላይ የመሪዎች ጉባኤ ሲካሄድ ደግሞ ሰሃራዊቷን ሪፐብሊክ የደገፉት አገሮች ልክ 26 ነበሩ፤ አንድም ትርፍ የለም።

አሠራሩም አዲስ አልነበረም። በጃንዋሪ 1976 አዲስ አበባ ላይ በአንጎላ ጉዳይ የተጠራው አስቸኳይ የመሪዎች ጉባኤ 22 ለ22 ተከፍሎ ያለ ውሳኔ ተበትኗል፤ አስተናጋጇ ኢትዮጵያና ሊቀ መንበሯ ኡጋንዳ ድምፃቸውን ለየትኛውም ወገን አልሰጡም። ጉባኤው ያልፈታውን ነገር የፈታው ቁጥሩ ነው። ለሉዋንዳው መንግሥት ዕውቅና የሰጡት አገሮች በሳምንታት ውስጥ ከግማሽ ሲያልፉ አንጎላ በዚያው ፌብሩዋሪ አባል ሆነች። ያኔ ረግጦ የወጣ አልነበረም። ኮጆን «ከየት ያመጣኸው አሠራር ነው» ብሎ መጠየቅ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

የሞሮኮ ጠበቆች ግን ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። አንቀጽ 28 የሚናገረው ስለ «ነፃና ሉዓላዊ» አገር ነው። አብዛኛው ግዛቱ በሌላ አገር ጦር የተያዘ መንግሥት ሉዓላዊ ሊባል ይችላል ወይ? ይህ የቻርተር ትርጉም ጥያቄ ነው ካልን፣ አንቀጽ 27 የትርጉም ጥያቄን ለመሪዎች ጉባኤ ይሰጠዋል፤ የሚጠይቀውም ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ስለዚህ ሙግቱ ሁሉ የትኛው አንቀጽ ነው የሚሠራው በሚለው ላይ ነበር፤ 28 ከሆነ 26 ድምፅ ይበቃል፣ 27 ከሆነ 34 ያስፈልጋል። ላይ ላዩን የሕግ ክርክር ይመስላል፤ ውስጡ ግን የበረሃው ጦርነት ነው።

በእኔ ግምት በቃሉ ላይ ኮጆ ትክክል ነበሩ። በጊዜው ላይ ግን ተሳስተዋል። በጁን 1981 ናይሮቢ ላይ የሞሮኮው ንጉሥ ሐሰን 2ኛ ሕዝበ ውሳኔን በመርህ ተቀብለው ነበር። በኬንያው ፕሬዚዳንት በዳንኤል አራፕ ሞይ የሚመራ አስፈጻሚ ኮሚቴም ተቋቁሞ ነበር፤ ኮሚቴው የተሰበሰበው ወንበሩ አዲስ አበባ ላይ ከመሰጠቱ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ቀደም ብሎ ነው። ሞይ የዚያ ዓመት የድርጅቱ ሊቀ መንበርም ነበሩ፤ እሳቸውን ሳያማክሩ እርምጃ ወስደዋል የሚለው ወቀሳ ለኮጆ እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። በሌላ በኩል፣ ድጋፉ ከተሟላ 18 ወር አልፎታል። ማኅተሙን በእጁ የያዘ ጸሐፊ የሕጉ ቁጥር ሞልቶ ሳለ ደብዳቤውን በመሳቢያ ቆልፎ ቢቀመጥ፣ እሱም ወገን መያዝ ነው። ይህን ሙግት አቅልዬ አላየውም።

ችግሩ ሌላ ቁጥር መኖሩ ነበር። በቻርተሩ መሠረት የሚኒስትሮችም ሆነ የመሪዎች ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ከ51 አባላት 34። 19 አገሮች ሲወጡ የሚቀሩት 32 ናቸው። አንድን አገር ለማስገባት 26 ይበቃል፣ ስብሰባውን ለማስቀጠል ግን 34 ያስፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው የ8 አገር ክፍተት ድርጅቱን ከአንድ ዓመት በላይ ሽባ አደረገው። በኦገስት 1982 ትሪፖሊ ላይ የተጠራው 19ኛው የመሪዎች ጉባኤ 34 ሳይሞላ ቀረ። በኖቬምበር እዚያው ትሪፖሊ በድጋሚ ሲሞከር ሰሃራዊቷ ሪፐብሊክ እንዳትመጣ ተደርጎ ነበር፤ በዚህኛው ዙር ግን ቻድን የሚወክለው ሒሴን ሐብሬ ነው ወይስ ጉኩኒ ወደይ የሚለው ጠብ ተነሣና ጉባኤው እንደገና ፈረሰ። ጋዳፊ ሊቀ መንበር ይሆናሉ ብለው ከመጀመሪያውም መምጣት ያልፈለጉ መሪዎች ስለነበሩ፣ ሁሉንም በሰሃራ ላይ ማላከክ ልክ አይሆንም።

ጉባኤው በመጨረሻ የተካሄደው በጁን 1983 አዲስ አበባ ላይ ነው። ሰሃራውያኑ «በፈቃዳቸውና ለጊዜው» ወንበራቸውን ትተው ቀሩ፤ ጉባኤው ሞሮኮና የሰሃራውያኑ ነፃ አውጪ ግንባር ፖሊሳሪዮ ፊት ለፊት ይደራደሩ የሚለውን ውሳኔ አሳለፈ፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሊቀ መንበር ሆኑ። ኮጆም ከዋና ጸሐፊነታቸው ወረዱ። በቦታቸው ለመተካት ከቀረቡት ዕጩዎች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያገኘ ስላልነበረ ናይጄሪያዊው ፒተር ኦኑ በተጠባባቂነት ተቀመጡ፤ ቋሚ ዋና ጸሐፊ የተገኘው በ1985 ነው፣ የኒጀሩ ኢዴ ኡማሩ። የኮጆ ወንበር ሁለት ዓመት ሙሉ ባለቤት አጣ ማለት ነው።

ይህ ወንበር ምን ዓይነት ወንበር እንደነበር ማወቅ ደግሞ ለፍርዱ ይጠቅማል። ቻርተሩ ላይ የተጻፈው መጠሪያ «አስተዳደራዊ ዋና ጸሐፊ» ነው። በ1963 አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት መሪዎች ቃሉን የመረጡት ጸሐፊው ፖለቲከኛ እንዳይሆንባቸው ነው፤ መዝገብ ይያዝ፣ ደብዳቤ ይላክ፣ ስብሰባ ያዘጋጅ። ኢትዮጵያዊው ዲፕሎማት ክፍሌ ወዳጆ በጊዜያዊነት ጽሕፈት ቤቱን ካቋቋሙ በኋላ በ1964 የተመረጡት የጊኒው ዲያሎ ቴሊ ወሰኑን ሊገፉት ሞክረው ነበር፤ ስምንት ዓመት ቆይተው በ1972 ድምፅ ተነፈጋቸው። ተከታያቸው ካሜሩናዊው ንዞ ኤካንጋኪ ድርጅቱን ከእንግሊዙ ሎንሮ ኩባንያ ጋር የሚያገናኝ ውል በመፈራረማቸው በተነሣው ቁጣ በሁለት ዓመት ውስጥ ለቀቁ። ኮጆ በጁላይ 1978 ካርቱም ላይ ሲመረጡ የ40 ዓመት ሰው ነበሩ። የተወለዱት በ1938 በመካከለኛው ቶጎ በሶኮዴ ነው። ፈረንሳይ ተምረዋል፣ ከብሔራዊ የአስተዳደር ትምህርት ቤት ወጥተዋል፣ በፈረንሳይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መሥሪያ ቤት በአስተዳዳሪነት ሠርተው በ1967 ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በ1969 የቶጎው ፕሬዚዳንት የኤያዴማ ብቸኛ ገዥ ፓርቲ፣ የቶጎ ሕዝብ ስብስብ፣ ሲቋቋም ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ይህን መዝለል አይገባም፤ ኋላ የተቃወሙትን ሥርዓት ሲገነባ ድንጋይ ካቀበሉት አንዱ እሳቸው ናቸው።

አሁን ሌላውን ሥራቸውን እንይ፤ እኔ ትልቁ የምለውን። በጁላይ 1979 ሞንሮቪያ ላይ መሪዎቹ የአፍሪካ የሰብዓዊ መብት ሰነድ እንዲረቀቅ ባለሙያዎችን የመሰብሰቡን ኃላፊነት ለዋና ጸሐፊው ሰጡ። ብዙ የዚህ ዓይነት ውሳኔ በመዝገብ ቤት ይሞታል። ኮጆ አላስተኙትም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ባለሙያዎቹ በሴኔጋላዊው ዳኛ በኬባ ምባይ ሰብሳቢነት ዳካር ላይ ተቀምጠው ረቂቁን አወጡ። ቀጥሎ በ1980 መጀመሪያ ረቂቁን የሚያይ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተጠራ፤ ያልወደዱት መንግሥታት ባለመምጣታቸው ምልዓተ ጉባኤው ሳይሞላ ቀረ። እዚህም ያው ቁጥር ነው። ማንም «አልፈልግም» ብሎ አልተናገረም፤ ባዶ ወንበር ተናገረላቸው።

በዚህኛው ጊዜ የተመረጠው መንገድ ግን ሌላ ነበር። የጋምቢያው ፕሬዚዳንት ዳውዳ ጃዋራ አስተናጋጅነቱን ተቀበሉ፣ ሥራውም ወደ ባንጁል ሄደ። በጁን 1980 የተሰበሰቡት ሚኒስትሮች ከዚያ ሁሉ ረቂቅ ያጸደቁት 11 አንቀጽ ብቻ ነው። ተበተኑ፣ ወራት አለፉ፣ በጃንዋሪ 1981 እንደገና ተመልሰው ጨረሱት። ባለ 68 አንቀጹ ሰነድ በጁን 1981 ናይሮቢ ላይ ጸደቀ፤ «የባንጁል ቻርተር» የሚለው ስሙም ከዚህ የመጣ ነው። ከዚያም ሥራ ላይ ለመዋል ከአባል አገሮች ግማሽ በላይ ማጽደቅ ስለነበረባቸው አምስት ዓመት ጠበቀ፤ ኦክቶበር 21 ቀን 1986 ጸና። ኢትዮጵያ የተቀበለችው በ1998 ነው።

ሰነዱ ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ መብቶች «በሕግ መሠረት» በሚል ሐረግ ታስረዋል፤ ይህ ማለት የአገሬው ሕግ የነሣውን ቻርተሩ ላይመልሰው ይችላል። ፍርድ ቤት አላቋቋመም፤ ያቋቋመው ኮሚሽን ነው። በአንቀጽ 59 መሠረት ደግሞ ኮሚሽኑ የወሰዳቸው እርምጃዎች የመሪዎቹ ጉባኤ ካልፈቀደ በስተቀር በምስጢር ይያዛሉ፤ ተከሳሾቹ ራሳቸው በር ጠባቂ ሆኑ ማለት ነው። ፍርድ ቤቱን ያመጣው የ1998ቱ የዋጋዱጉ ፕሮቶኮል ሲሆን እሱም የጸናው በ2004 ነው። ግን በ1981 ወንበር ላይ የነበሩትን መሪዎች ዝርዝር ይዞ ለሚያስብ ሰው፣ ግለሰብም ሆነ ድርጅት በመንግሥት ላይ አቤቱታ የሚያቀርብበትን በር መክፈታቸው ራሱ ያስደንቃል። ያንን በር የከፈተው ሁለት ጊዜ ባንጁል ድረስ መመላለስ ነው፤ 11 አንቀጽ ይዞ መመለስን እንደ ሽንፈት አለመቁጠር ነው። በሰሃራ ጉዳይ ይህ ትዕግሥት ለምን አልተደገመም? ምናልባት የሰነድ አንቀጽ በግማሽ ሊጸድቅ ስለሚችል ይሆናል፤ አገርን በግማሽ አባል ማድረግ አይቻልም።

የሌጎሱ የኢኮኖሚ ዕቅድ፣ በኤፕሪል 1980 የጸደቀው፣ የእሳቸውና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዋና ጸሐፊ የአዴባዮ አዴዴጂ የጋራ ልፋት ነው። በ2000 የአፍሪካ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ይመሠረታል ይል ነበር። ብዙም ሳይቆይ የዕዳው ዓመታት መጡና አገሮቹ ፊታቸውን ዋሽንግተን ወዳሉት አበዳሪዎች አዞሩ። ቻድ የተላከው የናይጄሪያ፣ የሴኔጋልና የዛየር ሰላም አስከባሪ ጦርም እንዲሁ ገንዘብ አጥሮት፣ ይዋጋ አይዋጋ በግልጽ ሳይነገረው ቆሞ፣ ሐብሬ በጁን 1982 ንጃሜና ሲገቡ ተመልካች ሆኗል።

ወደ አገራቸው እንመለስ። ኮጆ በ1991 ቶጎ ሲገቡ የብሔራዊ ጉባኤው ዘመን ነበር፤ የቶጎ ዴሞክራሲ ኅብረት የተባለ ፓርቲ አቋቋሙ። በፌብሩዋሪ 1994 ለ81 መቀመጫ በተደረገው የምክር ቤት ምርጫ የያዎቪ አግቦይቦ ፓርቲ 36፣ የኤያዴማ ፓርቲ 35፣ የኮጆ ፓርቲ 7 አገኙ። የቀሩት 3 ለትንንሾቹ ሄዱ። ሁለቱ ተቃዋሚዎች ሲደመሩ 43 ናቸው፤ ግልጽ አብላጫ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሦስት መቀመጫ ውጤት ሰረዘ፤ ሁለቱ የአግቦይቦ፣ አንዱ የኮጆ። 43 ወደ 40 ወረደ። ኤያዴማ ቀጥለው ያደረጉት የባለ ልምድ ሥራ ነው፦ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን 36 ላገኘው ለአግቦይቦ ሳይሆን 7 ላገኙት ለኮጆ ሰጡ። ኮጆ ተቀበሉ።

የተቃዋሚው ኅብረት እዚያው ላይ ተሰነጠቀ። አግቦይቦ ካቢኔውን አልቀላቀልም አሉ፣ ኮጆም በአገዛዙ ሰዎች ተከበው ማስተዳደር ያዙ። ለኮጆ የሚሟገት ሰው ሊል የሚችለው አለ፤ አገሪቱ በ1992 መጨረሻ ከጀመረውና ወራት ከፈጀው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ገና አላገገመችም፣ የሴፋ ፍራንክ በጃንዋሪ 1994 ከፈረንሳይ ፍራንክ አንጻር ግማሽ ዋጋውን አጥቷል፣ ደመወዝ መከፈል አለበት፣ ለጋሾች መመለስ አለባቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ሰባት መቀመጫ ይዞ ሥልጣን ላይ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱን የሚያገኘው ከሾመው ሰው ነው። በኦገስት 1996 በተሰረዙት ሦስት ቦታዎች የማሟያ ምርጫ ተደርጎ የኤያዴማ ፓርቲ ሦስቱንም ወሰደ። 35 ሲደመር 3፣ 38፤ የትንንሾቹ 3 ሲታከልበት 41። ከ81 አብላጫ የሚሆነው ልክ 41 ነው። ኮጆ በዚያው ወር ለቀቁ። አንቀጽ 28ን በ26 ድምፅ ያሠራ ሰው በ41 ድምፅ ወረደ።

ኤያዴማ በፌብሩዋሪ 2005 ሲሞቱ ልጃቸው ፎር በጦሩ እጅ ተቀመጡ፤ የምዕራብ አፍሪካ ጎረቤቶች ግፊት ሲበዛባቸው ወርደው በኤፕሪል ምርጫ ተመለሱ፤ ምርጫውን ተከትሎ የሞቱት የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች ከ400 እስከ 500 ብለው የገመቷቸው ሰዎች ናቸው። በዚያ ደም ማግስት፣ በጁን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ የተጠሩት ኮጆ ናቸው። ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች አብረው አልገቡም። በኦገስት 2006 ሰፊው የፖለቲካ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ በሴፕቴምበር፣ ቦታውን ለአግቦይቦ ለቀቁ፤ በ1994 ለታለፉት ለዚያው አግቦይቦ። ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ይከብደኛል። በመጀመሪያው ቢያንስ ከምርጫ የተገኙ ሰባት ወንበሮች ነበሯቸው።

ኪንሻሳም የዚሁ ታሪክ የመጨረሻ ምዕራፍ ነው። የኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት የጆሴፍ ካቢላ ሁለተኛና የመጨረሻ የሥልጣን ዘመን በዲሴምበር 19 ቀን 2016 ያበቃ ነበር፤ ምርጫ ግን አልተዘጋጀም። የአፍሪካ ኅብረት ኮጆን አመቻች አድርጎ ላከ። የኤቲየን ቺሴኬዲ የተቃዋሚዎች ስብስብ እስረኞች ይፈቱ አለ፣ አመቻቹንም ለካቢላ ያደላሉ ብሎ አልቀበልም አለ። ውይይቱ ሴፕቴምበር 1 ቀን ያለ እነሱ ተከፈተ። በወሩ መካከል መንገድ ላይ በርካቶች ተገደሉ። ኦክቶበር 18 ቀን ስምምነት ተፈረመ፤ ምርጫው ወደ ኤፕሪል 2018 ተገፋ። ሰነዱ ሙሉ ነበር፣ ፊርማዎች ነበሩት። አዳራሹ ውስጥ ያልነበሩት ግን አደባባዩን ይዘውት ነበር። ሁለት ወር ተኩል ሳይሞላ የካቶሊክ ጳጳሳቱ ሁሉንም አስቀምጠው በዲሴምበር 31 ሌላ ስምምነት አስፈረሙ፤ የኮጆው ተዋጠ። ጳጳሳቱ የኮጆን ያህል የድርድር ልምድ አልነበራቸውም። የነበራቸው ነገር ቺሴኬዲ ቤት ሄደው የሚሰሙበት ፊት ነው፤ ያልመጣውን ሰው ከመቁጠር በፊት እሱን ማምጣት።

ሞሮኮ በኖቬምበር 1984 ሰሃራዊቷ ሪፐብሊክ አዲስ አበባ ላይ ወንበሯን ስትይዝ ከድርጅቱ ወጥታ ነበር። ከ32 ዓመት በኋላ ለመመለስ ስታመለክት የተከተለችው መንገድ በአፍሪካ ኅብረት ማቋቋሚያ ሕግ አንቀጽ 29 የተጻፈው ነው። ማመልከቻው ለኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ይገባል፣ ቅጂው ለአባላት ይላካል፣ መልሳቸው ይቆጠራል፣ ከግማሽ በላይ ከሆነ ያልቃል። የአሮጌው አንቀጽ 28 ቃል ነው ማለት ይቻላል። ጃንዋሪ 30 ቀን 2017 አዲስ አበባ ላይ 39 አገሮች ደግፈው ሞሮኮ ገባች። ሰሃራዊቷ ሪፐብሊክም ወንበሯ ላይ ነበረች፤ በዚህ ጊዜ ግን ረግጦ የወጣ አልነበረም። ኮጆ በወቅቱ በሕይወት ነበሩ፤ ያረፉት ኤፕሪል 11 ቀን 2020 ፈረንሳይ ውስጥ፣ በ81 ዓመታቸው ነው።